ሙቀቱ ሳይበርድ መጸው የሚገባባት ከተማ
(ስለ ካማኩራ የበጋ ጉዞና በዓላት፤ ከጂኦግራፊና ታሪክ ጥናት ቡድን)



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከቡድናችን አንዱ በአንድ ሰባተኛ ክፍል ስለ ጃፓን የአየር ጠባይ ያስተምር ነበር። እኛ ሦስታችን እንደ ደንቡ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንመዘግባለን። ካርታው ተሰቅሏል፣ ጠመኔው በየቀለሙ ተዘጋጅቷል፣ የትምህርቱ ዓላማ በሰሌዳው ራስ ላይ ተጽፏል። ጓደኛችን «በጃፓን ጁላይና ኦገስት የበጋ ወራት ናቸው፤ ኦገስት ከሁሉም ይበልጥ ይሞቃል» ብሎ ካስጻፈ በኋላ ለማነቃቂያ ያህል አንድ ሥዕል አሳየ። ሥዕሉ ካማኩራ የምትባለውን የባሕር ዳር ከተማ በምሽት ያሳያል፤ በመቶ የሚቆጠሩ የወረቀት ፋኖሶች በርተዋል። «ይህ በኦገስት መጀመሪያ የበጋን ማለፍና የመጸውን መግባት የሚያከብሩበት በዓል ነው» አለ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አሁን ኦገስት ከሁሉም ይበልጥ ይሞቃል አላሉም እንዴ? ታዲያ ሙቀቱ ሳያልቅ በጋው አለፈ ብለው እንዴት ያከብራሉ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጓደኛችን ሰዓቱን አየና «እሱ ከዛሬው ትምህርት ውጭ ነው፤ ተቀመጥ» አለው። ልጁም ተቀመጠ። ከክፍል በኋላ ባደረግነው ግምገማ «የጊዜ አጠቃቀም» በሚለው ረድፍ ለጓደኛችን ከፍተኛ ነጥብ ሰጠነው! ይህን የምንጽፈው እንዲታወቅብን ብለን ነው። ምክንያቱም የጥያቄውን መልስ ከአራታችን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያገላበጥነውን እነሆ እናቀርባለን። ካማኩራን በእግራችን አልረገጥናትም፤ ጉዟችን በካርታና በመጽሐፍ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በመጀመሪያ ስለ አንዲት ቃል

«በጋ» የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ ነው። የእኛ በጋ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ሰማዩ ጠርቶ፣ አቧራው ተነሥቶ፣ እህሉ ተወቅቶ የሚገባበት ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን በክረምት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጭቃው ሲላቁጥ ነው። የጃፓን ተማሪ ደግሞ ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ከጁላይ 20 ገደማ አንሥቶ እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው፤ ይኸውም የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ነው። እኛ ጋቢ ደርበን ምድጃ ዳር በምንኮራመትበት ሳምንት እነሱ ከሠላሳ ዲግሪ በላይ በሆነ፣ እርጥበት በበዛበት ሙቀት ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። የእነሱ ዝናብ ቀድሞ ነው የሚመጣው፤ ከጁን መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ ያካፋል፣ ይዘንባል። ያ ሲያባራ ነው ሙቀቱ የሚጠናው። ስለዚህ «በበጋ ዕረፍት ወደ ባሕር ሄዱ» ብለን ስናስጽፍ ተማሪያችን በልቡ ጥርን ቢያስብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ «በጋ» ስንል የእነሱን ጁላይና ኦገስት፣ «መጸው» ስንል ቀጥሎ የሚመጣውን ቅጠል የሚቀላበትን ወቅት ማለታችን ነው።

ከተማዋ

ካማኩራ ከቶኪዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አቀማመጧን ለማስረዳት ካርታ ባይኖርም ይቻላል። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ ጣቶችን እንደ ጽዋ ማጠፍ ነው፤ ጣቶቹ በሰሜን፣ በምሥራቅና በምዕራብ የከበቧት ኮረብቶች ሲሆኑ ወደ አንጓ በኩል ክፍት የሆነው የሳጋሚ ባሕረ ሰላጤ ነው። እኛ በግቢው አሸዋ ላይ ሠርተን ሞክረነዋል፤ ውሃ ስንጨምርበት እስከ መሀል ድረስ ገባ። ይህን ውሃ አትርሱብን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ የተባለው የጦር መሪ በ1180 ይህን ስፍራ የመረጠው ለውበቱ አልነበረም። ኮረብቶቹ ግንብ ናቸው፤ ወደ ከተማዋ የሚገባው ኮረብታውን ሰንጥቀው ባወጧቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ነው፤ ሰባቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይቆጠራሉ። ዮሪቶሞ ባላንጣዎቹን በ1185 ድል ካደረገ በኋላ በ1192 ሾጉን የሚለውን ማዕረግ ተቀበለ፤ ቃሉን «የጦር አበጋዝ» ብንለው ብዙ አንስትም። ንጉሠ ነገሥቱ በኪዮቶ እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ሥልጣኑ ግን ካማኩራ ሄደ። እስከ 1333 ድረስ ጃፓንን ያስተዳደረው ይህ የጦረኞች መንግሥት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ካማኩራ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ሁለት ዓመተ ምሕረትና አንድ ስም። ተማሪው ለፈተና ይሸመድደዋል፣ በሳምንቱ ይረሳዋል።

ከባቡር ጣቢያው የወጣ መንገደኛ ዋካሚያ ኦጂ የሚባለውን ዋና ጎዳና ያገኛል። ጎዳናው ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ቀጥታ መሥመር እስከ ታላቁ የሺንቶ መቅደስ፣ እስከ ጹሩጋኦካ ሃቺማንጉ ይደርሳል። ዮሪቶሞ ያሠራው በ1182 ሲሆን ምክንያቱ የሚስቱ የማሳኮ እርግዝና ነው፤ በሰላም እንድትገላገል የተደረገ ስለት መሆኑ ነው። የዘመኑ ዜና መዋዕል እንደሚለው የሚስቱ አባት ሳይቀር ከሌሎቹ መኳንንት ጋር አፈርና ድንጋይ ተሸክሟል። በጎዳናው መሀል ከፍ ብሎ የተሠራ የእግር መንገድ አለ፤ ወደ መቅደሱ በተጠጋ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ ከሩቅ ለሚያየው መንገዱ ከእውነቱ የረዘመ ይመስላል። የሥዕል መምህራን ይህን ምሳሌ ለርቀት ትምህርት ቢወስዱት ደስ ይለናል።

ታዲያ ይህች የጦር ከተማ የበጋ መዝናኛ የሆነችው እንዴት ነው? መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ካማኩራ ቀስ በቀስ እየደከመች ገዳማትና መቅደሶች ያሉባት የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ሆና ቀረች። በ1887 ናጋዮ ሴንሳይ የተባለው የጤና ጥበቃ ሹምና ሐኪም የባሕር አየርና የባሕር መታጠብ ለበሽተኛ ይጠቅማል ብሎ በባሕሩ ዳር ማገገሚያ ቤት እንዲቋቋም አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1889 ባቡር ገባ። ከዚያ በኋላማ የቶኪዮ ሀብታም ቤት ሠራ፣ ተማሪውም በዕረፍቱ መጣ። ናጹሜ ሶሴኪ በ1914 በጋዜጣ ተከታታይ ያወጣው «ኮኮሮ» የተባለው ልብ ወለድ የሚጀምረው በካማኩራ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ለበጋ ዕረፍት የመጣ አንድ ወጣት ተማሪ «ሴንሴይ» እያለ የሚጠራውን ሰው የሚተዋወቀው እዚያ ነው። ሴንሴይ ማለት መምህር ማለት ነው። (ሰውዬው በሙያው አስተማሪ እንዳልሆነ ግን ለወግ ያህል እንጨምራለን።)

ዩይጋሃማና ዛይሞኩዛ የሚባሉት ሁለቱ ዳርቻዎች በጁላይና በኦገስት ለበጋ ብቻ በሚተከሉ የእንጨት ቤቶች ይሞላሉ፤ ሰው እዚያ ልብሱን ይቀይራል፣ ይበላል፣ ይጠለላል፤ በጋው ሲያልፍ ይነቀላሉ። ምግብ በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ወደ ላይ ማየት አለበት። ከሰማይ የሚያንዣብቡት ጭላቶች ዳቦ ከእጅ በመንጠቅ የታወቁ ናቸው፤ ለዚህም የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ተተክሏል። ጭላት ጫጩት ሲወስድ ያየ የእኛ አገር ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

በዛይሞኩዛ ጫፍ ባሕሩ ሲሸሽ የድንጋይ ክምር ብቅ ይላል። ይህ በ1232 በሰው እጅ የተሠራ ወደብ ነው፤ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው መርከቦች እየተሰበሩ አስቸግረው ነበር። በዚሁ ሰፈር በ1953 በተደረገ ቁፋሮ የብዙ መቶ ሰዎች አፅም ተገኝቷል፤ ከፊሉ የሰይፍ ምልክት ያለበት ነው። ብዙ ሰዎች ይህንን ከ1333ቱ ጦርነት ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ የበጋው መንገደኛ ጨርቁን አንጥፎ የሚተኛው በዚህ አሸዋ አካባቢ ነው።

ሁለት ሰዓት ያላት ከተማ

ወደ ልጁ ጥያቄ ለመድረስ አስቀድመን ስለ አቆጣጠር ማወቅ ይኖርብናል። እኛ በዚህ ረገድ ከብዙ አገር ሕዝብ እንሻላለን፤ ከልጅነታችን በሁለት ካሌንደር መኖር ለምደናልና።

ጃፓኖች ከቻይና በወሰዱት አቆጣጠር ወሩን በጨረቃ ዓመቱን በፀሐይ እያስታረቁ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይተዋል። ወሩ የሚገባው ጨረቃ ስትወለድ ስለሆነ 15ኛው ቀን ጨረቃ የምትሞላበት ገደማ ነው። የሜይጂ መንግሥት ግን የአውሮፓን አቆጣጠር እንዲያዝ አወጀ፤ ማስታወቂያው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነበረው። በአሮጌው አቆጣጠር የ12ኛው ወር 3ኛ ቀን ይሆን የነበረው ዕለት ጃንዋሪ 1 ቀን 1873 ሆነ። ወሩ እንኳ ሳያልቅ ዓመቱ ተለወጠ!

በዓላቱስ ምን ይሁኑ? እዚህ ላይ ሕዝቡ ተለያየ። አንዳንዱ የቀኑን ቁጥር ይዞ ቀጠለ፤ ሰባተኛው ወር ሰባተኛው ቀን የነበረው ጁላይ 7 ሆነ። ሌላው ወቅቱ እንዳይዛባ ብሎ አንድ ወር ጨምሮ በኦገስት ማክበር ጀመረ። ጥቂቱም በጨረቃዋ ጸና። በእኛ ቢሆን ብለን እናስበው፤ እንቁጣጣሽን ቁጥሩን ብቻ ይዘን ወደ ጃንዋሪ 1 ብናዛውረው ልጃገረዶቹ አደይ አበባውን ከየት ያመጡት ነበር?

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የታናባታ በዓል ነው። ታሪኩ በሰማይ ወንዝ (እኛ ፍኖተ ሐሊብ የምንለው) ወዲያና ወዲህ ስለ ተለያዩ ሁለት ፍቅረኛ ኮከቦች ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ይገናኛሉ። ዝናብ ከጣለ ግን አይገናኙም ይባላል። ቀድሞ ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ በኦገስት ስለሚውል ሰማዩ የጠራ ይሆን ነበር። አሁን ግን ጁላይ 7 ያለው በዝናቡ ወራት ውስጥ ነው! በካማኩራው ታላቅ መቅደስ በዚያ ሰሞን ባለቀለም ጌጥ ይሰቀላል፣ ሰውም ምኞቱን ጽፎ ያንጠለጥላል፤ ኮከቦቹ ግን ብዙውን ጊዜ ከደመናው በላይ ናቸው። የሴንዳይ ከተማ ሰዎች ይህን አይተው በኦገስት ያከብሩታል።

ዘግይቶ የመጣው ፈረሰኛ

ስለ ሙታን የሚደረገው በዓልም እንዲሁ ነው። ኦቦን የሚባለው የሙታን መታሰቢያ በአብዛኛው አገር በኦገስት አጋማሽ ሲውል ቶኪዮን በመሳሰሉ ቦታዎች በጁላይ ይውላል። በካማኩራ ኬንቾጂ የተባለው የቡድሃ ገዳም ተመሳሳይ ሥርዓቱን የሚፈጽመው ጁላይ 15 ቀን፣ ማለትም በእኛ ሐምሌ 8 ነው። ገዳሙ በ1253 የተመሠረተ ሲሆን የመጀመሪያው አለቃ ከቻይና የመጣው መነኩሴ ራንኬይ ዶርዩ ነው። ሥርዓቱ ምንድን ነው ቢባል፣ አስታዋሽ ዘመድ ለሌላቸው፣ ተርበው ይንከራተታሉ ተብሎ ለሚታመንባቸው ነፍሳት ምግብ ማቅረብና መጸለይ ነው።

የኬንቾጂው ከሌሎች የሚለየው ሁለት ጊዜ በመደረጉ ነው። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። በራንኬይ ዶርዩ ዘመን ሥርዓቱ ተፈጽሞ ሁሉም ሊበተን ሲል አንድ ጦረኛ በፈረስ እየጋለበ ደረሰ። ማለቁን ባየ ጊዜ ፊቱ ጠቁሮ ፈረሱን መለሰ። መነኩሴው ይህን አይቶ «ጥሩት» አለና ሥርዓቱን ለእሱ ሲል ከመጀመሪያው ደገመው። ጦረኛውም አመስግኖ የካጂዋራ ካጌቶኪ ነፍስ መሆኑን ተናግሮ ጠፋ።

ካጂዋራ ካጌቶኪ ማነው? የዮሪቶሞ የቅርብ ሰው የነበረ፣ ጌታው በ1199 ሲሞት ጓደኞቹ አድመው ያስወጡት፣ በ1200 ከነቤተሰቡ የተገደለ ነው። በታሪክ ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአሳባቂነት ነው፤ የዮሪቶሞን ወንድም ከወንድሙ ያቃቃረው እሱ ነው ይባላል። ማለትም ማንም አይወደውም። እንግዲህ በየዓመቱ ጁላይ 15 ዋናው ጸሎት ካለቀ በኋላ ሁለተኛው የሚደረገው ለዚህ ሰው ነው። እኛ ይህን ካነበብን በኋላ ለጥቂት ጊዜ ጽሑፉን አቁመን ነበር። «ሰዓቱ አልቋል፣ ተቀመጥ» ያልነው ልጅ ትዝ አለን።

ወደ ባሕሩ

በዚያው በጁላይ በካማኩራ አጠገብ ባለችው በኤኖሺማ ደሴት ሚኮሺ የሚባለው፣ በሸክም የሚሄድ ትንሽ መቅደስ ወደ ባሕሩ ይገባል። ተሸካሚዎቹ ውሃው ትከሻቸው እስኪደርስ ድረስ ይሄዳሉ። ከዚያ ወጥተው በካማኩራ በኩል ወዳለው ኮሺጎኤ ወደሚባለው የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ይሻገሩና ከዚያኛው መቅደስ ሚኮሺ ጋር ይገናኛሉ። እንደሚነገረው የኤኖሺማው አምላክ ምስል ቀድሞ የኮሺጎኤ ሲሆን ማዕበል ወስዶት ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ያወጡት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የቀድሞ ቤቱን ይጎበኛል ማለት ነው። እኛ አገር ታቦት ሲወጣ ያየ ተማሪ ወዲያው «እንደ ጥምቀት ነው!» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። መመሳሰሉ ለመነሻ ያግዛል እንጂ የሁለቱ እምነትም ትርጉምም አንድ አይደለም።

ሳካኖሺታ በሚባለው ሰፈር ደግሞ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የነበረ አንድ ቋጥኝ ጀልባ እየሰበረ አስቸገረ ይባላል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? የቋጥኙን ራስ ቆርጠው አመጡና በመቅደሳቸው ግቢ አኑረው ያከብሩት ጀመር። በየጁላዩም ወጣቶች በቀይ ባቄላ የተቀቀለ ሩዝ ይዘው እየዋኙ ወደ ውስጥ ይገቡና ለባሕሩ ይሰጣሉ። የጎዳን ነገር እንዲህ አድርጎ ማስታረቅ ለእኛ እንግዳ ቢመስልም ከዓሣ አጥማጁ ወገን ሆኖ ላየው ትርጉም አለው።

አብዛኛው የበጋ እንግዳ ግን የሚመጣው ለርችቱ ነው። በጁላይ በሚደረገው የርችት ምሽት ከሚሮጥ ጀልባ ላይ ወደ ውሃው የሚጣሉ ርችቶች አሉ፤ ሲፈነዱ ከባሕሩ ወለል ላይ እንደ ግማሽ ጀንበር ይከፈታሉ። ይህ ውብ ነው፤ ብዙ የሚያስጽፍ ግን የለውም።

አሁን ፋኖሶቹ

በ1938 የተጀመረው የፋኖስ በዓል «ቦንቦሪ» ይባላል። በታላቁ መቅደስ ግቢ በየመንገዱ ዳር 400 ያህል ባለእንጨት ፋኖሶች ይተከላሉ። ወረቀቱን የሚሥሉትና የሚጽፉበት ካማኩራና አካባቢዋ የሚኖሩ ሠዓልያን፣ ደራስያንና ሌሎች የታወቁ ሰዎች ናቸው። ከተማዋ በዚያን ዘመን የደራስያን ሰፈር ነበረች፤ በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካዋባታ ያሱናሪ ኑሮው እዚያ ነበር። ሲመሽ የመቅደሱ ልጃገረዶች ሻማዎቹን አንድ በአንድ ያበራሉ።

በዓሉ የሚጀምረው በመጸው መግቢያ ዋዜማ ነው። የመጸው መግቢያ ደግሞ ኦገስት 7 ወይም 8 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 1 ወይም 2 ይውላል፤ እኛ የፍልሰታን ጾም በዝናብና በብርድ የምንቀበልበት ሰሞን መሆኑ ነው። ይህ ቀን የጨረቃም የወር ቁጥርም አይደለም፤ ከፀሐይ የተቆጠረ ነው። የጥንት ቻይናውያን የፀሐይን የዓመት መንገድ 24 ቦታ ከፍለውታል። ቀኑ ከሌሊቱ እጅግ የሚረዝምበት ጁን 21 ገደማ ነው፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት ሴፕቴምበር 23 ገደማ። የመጸው መግቢያ የተባለው የሁለቱ መካከል ነው። አቆጣጠሩ የሚለካው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም።

ሙቀቱ ታዲያ ለምን አይታዘዝም? እንጀራ የጋገረ ሰው መልሱን ያውቀዋል። እንጨቱ ከተጎተተ በኋላም ምጣዱ ይፋጃል፤ የመጨረሻዋ እንጀራ እኮ በዚያ ትበስላለች። ባሕሩና ምድሩም እንዲሁ ናቸው፤ በጁንና በጁላይ የጠጡትን ሙቀት በኦገስት ይሰጣሉ። በተለይ ባሕር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ጃፓን ደግሞ በባሕር የተከበበች ናት። የአቆጣጠሩ መነሻ በሆነው በቻይናው የቢጫ ወንዝ አገር ግን የብሱ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጃፓኖችም ይህን ስለሚያውቁ በበጋ ለወዳጅ በሚልኩት የሰላምታ ካርድ ላይ እስከዚያች ቀን «የሙቀት ወራት ሰላምታ» ይላሉ፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን ምድሩ ቢቃጠልም ቃሉ ይለወጥና «የተረፈ ሙቀት» ይሆናል።

የበዓሉ የመጨረሻ ቀን ኦገስት 9 ነው። ይህ የሦስተኛው ሾጉን የሳኔቶሞ ልደት ነው፤ ገጣሚ ነበረ። የተወለደው በ1192 በአሮጌው አቆጣጠር በ8ኛው ወር በ9ኛው ቀን ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ኦገስት ተዛውሯል። ስለዚህ በአንድ በዓል ውስጥ መግቢያው በፀሐይ፣ መውጫው በወር ቁጥር ይሄዳል። ከዚህም የተነሣ በዓሉ አንዳንድ ዓመት ሦስት፣ አንዳንድ ዓመት አራት ቀን ይሆናል። ሳኔቶሞ በ1219 በረዶ በጣለበት ሌሊት ከዚሁ መቅደስ ሲወጣ በወንድሙ ልጅ ተገደለ፤ ገዳዩ ከደረጃው አጠገብ ካለው የጊንኮ ዛፍ ኋላ ተደብቆ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አለ። ዛፉ በማርች 10 ቀን 2010 በነፋስ ወደቀ፤ ከሥሩ ግን ቡቃያ አወጣ። ፋኖሶቹ የሚበሩት በዚያ ደረጃ ሥር ነው።

በማግስቱ፣ ኦገስት 10፣ በሃሴዴራና በሌሎች ጥቂት ገዳማት በዚያች አንድ ቀን የተሳለመ የ46,000 ቀን ያህል ተሳልሟል ይባላል። በዓመት ሲመነዘር ከ125 ይበልጣል። ለሒሳብ መምህራን የተተወ ነው።

ውሃው

ቀደም ሲል አሸዋው ላይ ስላፈሰስነው ውሃ ተናግረን ነበር። በካማኩራ ሰው ሁሉ የሚያየው ታላቁ የነሐስ ቡድሃ ሥራው የተጀመረው በ1252 ነው፤ ቁመቱ ያለ መቀመጫው 11.3 ሜትር፣ ክብደቱ 121 ቶን ነው። ቀድሞ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዳራሹን በ1334 እና በ1369 ነፋስ ጣለው፤ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻም የምድር መንቀጥቀጥና ከባሕር የተነሣ ማዕበል እንደወሰደው ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልሠራውም። ሐውልቱ ዛሬ በፀሐይና በዝናብ የተቀመጠው ለውበት ተብሎ አይደለም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923፣ እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ታላቁ የካንቶ ምድር መንቀጥቀጥ ደረሰ። በካማኩራ ቤቶች ፈረሱ፣ እሳት ተነሣ፣ ቀጥሎ ባሕሩ መጣ። የበጋው ወራት ገና ማለቁ ነበር። ያ 121 ቶን ሐውልት ከመቀመጫው ተንሸራተተ። ከ1960 ጀምሮ ሴፕቴምበር 1 በመላው ጃፓን የአደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ ይታሰባል፤ የበጋ ዕረፍት ጨርሶ የተመለሰ ተማሪ በዚያ ሰሞን ከሚሠራው አንዱ ከጠረጴዛ ሥር የመግባትና ወደ ከፍተኛ ቦታ የመውጣት ልምምድ ነው። ከ2020 ወዲህ በባሕር ዳርቻዎች የማዕበል ማስጠንቀቂያ ሲነገር የሚውለበለበው ሰንደቅ እንደ ዳማ ሰሌዳ በቀይና በነጭ የተከፈለ ነው፤ ጆሮው ለማይሰማም በውሃ ውስጥ ላለም እንዲታይ ነው። ጉዞ የሚያስተምር መምህር የበዓላቱን ቀን ነግሮ ይህንን ከተወ ግማሹን ብቻ አስተምሯል ማለት ነው።

ኮረብቶቹስ? በ1964 በታላቁ መቅደስ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ደልድሎ ቤት ለመሥራት ታቅዶ ነበር። በዚያው ዓመት አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሲያሸንፍ የኦሊምፒኩ የመርከብ ውድድር በኤኖሺማ ይካሄድ እንደነበር በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። የካማኩራ ነዋሪዎች፣ ደራሲው ኦሳራጊ ጂሮ ጭምር፣ ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጡና ከኮረብታው 1.5 ሄክታር ገዙ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1966 የጥንት መዲናዎችን ዙሪያ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። ይሁንና ከተማዋ በዓለም ቅርስነት እንድትመዘገብ የቀረበው ጥያቄ ገምጋሚዎቹ ስላልተቀበሉት በ2013 ተነሥቷል። እንግዳው ግን አልቀነሰም። ሕዝቧ 170,000 ያህል ሲሆን ጎብኚው በዓመት ከ10 ሚሊዮን ይበልጣል። በቤቶች ጣራ መካከል እየተሹለከለከ 10 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ኤኖደን የሚባለው ትንሽ ባቡር በበጋ በሰው ይጨናነቃል፤ ነዋሪው ወደ ቤቱ ለመግባት ወረፋ የሚቆምበት ቀን አለ። ለመጓዝ የታደለ አንባቢ ካለ ማልዶ ይድረስ፣ ወይም እንግዳው ሲመለስ ለፋኖሶቹ ያምሽ።

በጋውን የሚዘጋው ሴፕቴምበር 16 ቀን፣ በእኛ መስከረም 6፣ በመቅደሱ ግቢ ፈረስ እየጋለቡ ቀስት የሚወረውሩበት በዓል ነው። ዮሪቶሞ በ1187 ያስጀመረው ነው። ጉግስ ያየ ሰው ደስ ይለዋል፤ እዚህ ግን ተጋጣሚ የለም፤ ፈረሰኛው ብቻውን ሦስት የእንጨት ዒላማ ይመታል። በዚያን ጊዜ ምጣዱም መቀዝቀዝ ጀምሯል።

በሚቀጥለው ሐሙስ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ወደዚያው ሰባተኛ ክፍል እንመለሳለን። የዕለቱ ትምህርት ስለ ወንዞች ነው፤ ጓደኛችን የክፍሉን መምህር አስፈቅዶ ከመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ወስዷል። የፋኖሶቹን ሥዕል እንደገና ይዟል፤ የቢጫ ወንዝንም በካርታው ላይ ምልክት አድርጎበታል። ልጁ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ነው።